ሠላሳ ስምንት የሰጠሁት ወረቀት

ክቡር ዲን ፕሮፌሰር ኦንቺሪ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከየትምህርት ቤታችሁ ሥራ ትታችሁ የመጣችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ! ሰው በቆመ ቁጥር መነሣት ለምዶባችሁ ነው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ፤ ለጡረተኛ ብድግ የሚል የለም።

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሪሴላ ኬሙንቶ፣ አንቺ ደግሞ “ትንሽ ሻይ ብቻ ነው ማዳም፣ ሌላ ምንም የለም” ብለሽ አታለሽ አመጣሽኝ፤ ይኸው ሁለት ፍየል ታርዷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊዬ ሆነሽ ስትዋሺኝ ይህ የመጀመሪያሽ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ። ስለ ሮቶውም አመሰግናለሁ። ሦስት ሺህ ሊትር! ኪሲ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በማይቀርበት አገር፣ ለአንዲት አሮጊት ሦስት ሺህ ሊትር ውኃ! “ከእንግዲህ ሥራሽ ዝናብ መጠበቅ ነው” ማለታችሁ ከሆነ ገብቶኛል።

ዲኑ አሥር ደቂቃ ነው የፈቀዱልኝ። እኔ ደግሞ የምፈራው ዲኑን ሳይሆን ይህን ቆርቆሮ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድበት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንም ማንንም እንደማይሰማ ታውቃላችሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አለ። ሳልነግራችሁ ዝናቡ ቢቀድመኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውስጤ ያለችው ፈሪ ሴትዮ ደስ ነው የሚላት።

ነገሩ ይህ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰብስቦ በእኔ ወንበር የሚቀመጠውን ሰው ይመርጣል። ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ እዚያ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ መምህር ኤራስቶ ኦሪና። እጅህን አታውጣ ኤራስቶ፣ ያውቁሃል። በዚህ ሰው ላይ አንድ ቁጥር መንገድ ዘግቶበታል። ሠላሳ ስምንት። ስለዚያ ቁጥር ነው የምናገረው። ግን አስተማሪ ነኝና ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ይህ የማስተርስ ፕሮግራም ሲከፈት የራሳችን ክፍል አልነበረንም። የምግብ ዝግጅት ትምህርት የሚሰጥበትን ወጥ ቤት አዋሱን። አሥራ አራት ተማሪዎችና ስድስት ምድጃ። ሁሉም በሥራ ላይ ያሉ አስተማሪዎች ስለሆኑ መምጣት የሚችሉት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው፤ በሚያዝያ፣ በነሐሴና በታኅሣሥ። ሌላው ሰው በዕረፍቱ ሙዙን ሲኮተኩት፣ ሻይ ቅጠሉን ሲለቅም፣ እኛ በዚያ ወጥ ቤት ተፋፍገን ስለ ትምህርት ቤት አመራር እንከራከር ነበር። አንዳንዱ ምድጃው ላይ ተቀምጦ ነው ማስተርሱን የተማረው።

አራስ ሆነው የሚመጡ ነበሩ። ሕፃናቱን እህቶቻቸውና አክስቶቻቸው ይዘው ውጭ ጃካራንዳው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ስለ ውሳኔ አሰጣጥ እያስተማርኩ ውጭ አንድ ልጅ አለቀሰ። አራት ሴቶች እኩል ብድግ አሉ።

“የማን ነው?” አልኩ።

“እሱን ለማወቅ ነው የምንወጣው ማዳም” አለችኝ አንዷ። ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ከዚያ ወዲያ ምን ልጨምር? ክፍሉን በተንኩት።

ለመሆኑ አስተማሪን አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? ሰሌዳ ቆሽሾ ካዩ ነፍሳቸው አይረጋም፤ ተነሥተው ይጠርጋሉ። ጠመኔ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፣ የእኛን ስለማያምኑት። ስም ስጠራ የአርባ ስምንት ዓመት ሰውዬ “አለሁ!” ብሎ ይቆማል። አንዱማ ያደልኳቸውን ማስታወሻ ከላይ እስከ ታች በቀይ አርሞ መለሰልኝ፤ ግርጌው ላይ “ጥሩ ሙከራ ነው፤ ከአሥር ስድስት” ብሎ።

“ምንድን ነው ይሄ?” ስለው ክው አለ።

“ይቅርታ ማዳም፣ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ከያዘ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።”

ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሳቅሁት። ያ ወረቀት ዛሬም ቤቴ አለ። የእኔም እጅ ያው በሽታ እንዳለበት ግን ያኔ አልታየኝም።

አሁን ደግሞ ስለ ቁልፍ ልንገራችሁ። በእኛ ጊዜ ርዕሰ መምህር የሚኮነው በደብዳቤ ነበር። ዓርብ ኬሚስትሪ ስታስተምሪ ትውያለሽ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ትረከቢያለሽ። የሚያሠለጥንሽ የለም፤ ጎበዝ አስተማሪ ከሆንሽ መምራትም ታውቂያለሽ ተብሎ ይታሰባል። ለእኔ ደብዳቤው የደረሰኝ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የቀድሞው ርዕሰ መምህር አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ በገመድ አስሮ መዳፌ ላይ ጣለና “በርቺ ልጄ!” ብሎኝ በሞተር ብስክሌቱ እብስ አለ። የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ አልነገረኝም።

በነጋታው ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እያየኝ የመጻሕፍቱን ክፍል ለመክፈት አሥራ ዘጠኙንም ሞከርኩ። አሥራ ዘጠኙም እምቢ አሉ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ልጅ “ይቺ ናት እንዴ የምትመራን?” ስትል ሰማሁ። በሩ ለካ ቁልፍ የለውም፤ ከውስጥ በምስማር ነው የተመታው። ሳቁ፣ ሳቁ! እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እናም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስተማር ስጀምር፣ ከእኔ እጅ ወጥቶ እንዲህ የሚዋረድ ሰው አይኖርም ብዬ ማልኩ። ያንን የርክክብ ጽሑፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሁላችሁም ጽፋችሁታል፤ ፊታችሁ ሲቀየር እያየሁ ነው። “ነገ ከትምህርት ቤትህ የምትለቅ ርዕሰ መምህር ነህ እንበል። ለሚተካህ ሰው የርክክብ ሰነድ ጻፍ።” ቁልፉ በየበሩ ተዘርዝሮ፣ ዴስኩ ተቆጥሮ፣ ላሞቹ በየስማቸው፣ የፈረሰው አጥር ስንት ሜትር እንደሆነ ተለክቶ። ካልተሟላ አላሳልፍም። ጥሩ ሥራ ነበር። አሁንም ጥሩ ሥራ ነው እላለሁ።

ኤራስቶ በሰባተኛው ዙር መጣ። የሪያሞቴንዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። ሰነዱን አስረከበኝ፤ አነበብኩት፤ አንድም ዴስክ የለበትም! ቁልፍ የለ፣ ላም የለ፣ አጥር የለ። እንስማ ካላችሁ ጥቂቱን ላንብብላችሁ፤ ወረቀቱ ይኸው እጄ ላይ ነው፤ እንዴት እዚህ እንደደረሰ እነግራችኋለሁ።

“ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት ከትምህርት ቤቱ በታች ያሉትን እማማ ኛንቻማን ሄደው ሰላም ይበሏቸው። መሬቱን የሰጡት ባለቤታቸው ናቸው። በሳይንስ ክፍሉ ጀርባ በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ ከቧንቧችን ውኃ ይቀዳሉ። ቀዳዳውን እንዳይዘጉት።”

“ለማዳም ጄሩሻ ሰኞ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አይስጧት። አማቷን ሐኪም ቤት አድርሳ ነው የምትመጣው። እሷ አትነግርዎትም።”

“ፎርም ሦስት ክፍል ውስጥ የአንድ አባት፣ የሁለት እናት ልጆች አሉ። አንድ ዴስክ ላይ አያስቀምጧቸው፤ አንድ የኳስ ቡድን ውስጥ ግን ያስገቧቸው።”

“ወጥ ቤት ያለው ኦምቡይ እያፏጨ ከሆነ ሁሉ ሰላም ነው። ካላፏጨ ምሳ አይደርስምና ሄደው ያነጋግሩት።”

እንዲህ እያለ አምስት ገጽ! አስጠራሁት።

“መምህር ኤራስቶ፣ ትምህርት ቤታችሁ ስንት ዴስክ አለው?”

“አራት መቶ አሥራ ሁለት ማዳም።”

“ታዲያ ምነው አልጻፍከው?”

“የሚመጣው ሰው ራሱ ይቆጥረዋል ብዬ ነው።”

“እኔ ሰነድ ጻፍ አልኩህ እንጂ የመንደር ወሬ ሰብስብልኝ መቼ አልኩህ?”

“ወሬ አይደለም ማዳም። ካልነገሩት የሚቸገርበትን ነው የጻፍኩት።”

እኔ ግን ምን ይታየኛል? ያቺ ከሰልፉ ውስጥ የሳቀችብኝ ልጅ! ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁና ሠላሳ ስምንት ሰጠሁት። ማለፊያው አምሳ ነው። ከሥሩ ደግሞ “ይህ የርክክብ ሰነድ አይደለም” ብዬ ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት። ሁለት ጊዜ! ኤራስቶ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ “አመሰግናለሁ ማዳም” አለ፤ ሲወጣ ሰሌዳውን ጠረገልኝ። በነሐሴ አልመጣም። በታኅሣሥም አልመጣም። “ሰውየው ምን ሆነ?” ብዬ አልጠየቅሁም። አንዳንዱ ይከብደዋል፣ ያቋርጣል ብዬ አለፍኩት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንዲት ተማሪዬን ሥራ ላይ ለማየት ሪያሞቴንዳ ሄድኩ። አዲሱ ርዕሰ መምህር አቶ ማኮሪ ሻይና የተቀቀለ ሙዝ አቀረበልኝና፣ እንዴት ሰነበቱ ሳይል፣ የደረሰበትን ይነግረኝ ጀመር።

“ማዳም፣ እኔ እዚህ ስመጣ በደንብ ነው የተረከብኩት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዴስክ፣ ሦስት ላም፣ አሥራ ስድስት ቁልፍ። አጥሩ ቀዳዳ እንዳለው ተጽፎልኝ ስለነበር በሁለተኛው ቀን አስዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ወላጆች የራሳቸውን ቁልፍ በሩ ላይ ቆልፈውበታል። አሥራ ስድስት ቁልፍ ይዤ መንገድ ላይ ቀረሁ! ‘ምን አጠፋሁ?’ ብል የሚነግረኝ የለም፤ ‘አንተ ታውቃለህ’ ነው የሚሉኝ። አራት መቶ ተማሪ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ዋለ።”

“ከዚያስ?” አልኩ።

“ከዚያማ ምክትሌ መጣ፤ ኤራስቶ የሚባል። አንድ የተጨማደደ ወረቀት ሰጠኝ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። በቀጥታ እማማ ኛንቻማ ቤት ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። ሙዝ አበሉኝ፣ መረቁኝ፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። እስከ ዛሬ የምመራው በዚያ ወረቀት ነው።” ከመሳቢያው አወጣና ዘረጋልኝ። “ይቅርታ ያድርጉልኝና ማዳም፣ ይህን ያረመው ሰው ጤነኛ ነው? ሠላሳ ስምንት!”

የራሴን ቀይ ቀለም አየሁት። ሻዬን አማሰልኩ። ስኳር አልጨመርኩበትም፤ ዝም ብዬ ነው የማማስለው።

“ታዲያ ምክትልህ ለምን ሦስት ቀን ቆየ? በመጀመሪያው ቀን ለምን አልሰጠህም?” አልኩት።

“እኔም እሱን ጠይቄው ነበር። ‘ሠላሳ ስምንት ያለበትን ወረቀት ለሰው ማሳየት አፍሬ ነው’ አለኝ።”

ወገኖቼ፣ አራት መቶ ልጆች ሦስት ቀን ሜዳ ላይ የዋሉት በእኔ እጅ ነው። ለአቶ ማኮሪ “ጤነኛ ያልሆነችው እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሙዙን በልቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ኤራስቶን ከክፍል ሲወጣ ጠብቄ አገኘሁት።

“ማዳም! ማርኬን ሊቀይሩልኝ መጡ?” አለኝ እየሳቀ።

“መዝገቡ በሴኔት ጸድቋል፤ መቀየር አልችልም። ግን ተሳስቻለሁ። ተመለስ፤ እለምንሃለሁ።”

“የአጥሩን ጉዳይ ሲጽፉላቸው ቀዳዳ አለው አሏቸው እንጂ ለምን እንዳለው አልነገሯቸውም” አለኝ። ስለ አቶ ማኮሪ መናገሩ ነው። በእኔ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። “ዴስኩንም እጽፈዋለሁ ማዳም፤ እርስዎ ልክ ነዎት፣ እሱም ያስፈልጋል” አለ። በታኅሣሥ መጣ። ዴስኩንም ሰውንም ጽፎ ሰባ ዘጠኝ አገኘ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን ሁለቱም ቁጥሮች አሉ፤ ደንቡ እንዲያ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ደረስኩ። ውኃ አቀብይኝ እስቲ፣ ኬሙንቶ። ከሮቶው አይሁን።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኮሚቴው የተወዳዳሪዎቹን ፋይል ሲያይ አንዳችሁ ይህን ቁጥር አነሣችሁ። “ይህ ሰው ሊመራው በሚፈልገው በዚሁ ትምህርት ሠላሳ ስምንት አለው። ማነው ያረመው?” አላችሁ። በዚያ ዘመን ትምህርቱን የምንሰጠው ሁለት ነበርን፤ እኔና ነፍሱን ይማረውና ዶክተር ሞጋካ። “ሞጋካ ይሆናል፤ እጁ ከባድ ነበር” አለ አንዱ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔስ? እኔም ሳቅሁ! “ጊዜው ቆይቷል” አልኩ። የእኔን ስሕተት ሙት ተሸከመልኝ፤ ቁጥሩም በኤራስቶ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

የዶክተር ሞጋካ ባለቤት ኬሩቦ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ኬሩቦ፣ የባልሽ እጅ ከባድ አልነበረም። የዝንብ ክንፍ የማይሰብር እጅ ነበረው። ይቅር በዪኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ባለፈው ሳምንት አቶ ማኮሪ ዘንድ ሄድኩና “ያረምኩት እኔ ነኝ” አልኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ወረቀቱንም አዋሰኝ። “ይመልሱልኝ፣ ስሠራ ያስፈልገኛል” ብሎ አስምሎኝ ነው። ፕሮፌሰር፣ ይኸው ከነደብዳቤዬ፤ ፊርማዬ አለበት። ቅጂውን ፋይሉ ውስጥ አያይዙልኝ። ኤራስቶን ምረጡት አላልኩም። ሁለቱም ሌሎች ጎበዞች ናቸው፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። ብቻ ማክሰኞ ስትቀመጡ የዚያን ቁጥር ባለቤት አውቃችሁ ተቀመጡ። ያ ቁጥር የእኔ ነው፤ የእሱ አይደለም።

እኔም ርክክብ አለብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ሳስጽፍ ኖሬ የራሴን ሳልጽፍ ብሄድ ምን ይሉኛል? ሰሞኑን ጻፍኩት። ለሚተካኝ ሰው ነው፤ ማንም ይሁን ማን። ከእሱም ጥቂት ላንብብ።

“ኬሙንቶ ‘ምንም አልሆንኩም’ ካለች የሆነ ነገር ሆናለች። በሩን ዝጋና እንደገና ጠይቃት።”

“ዲኑ ከሻይ በፊት ሁሉንም ነገር እምቢ ይላሉ። ደብዳቤህን አራት ሰዓት ተኩል ላይ አስገባ።” ይቅርታ ፕሮፌሰር፤ ሳቁ እንጂ፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

“አራስ ተማሪ ካለች ጃካራንዳው አጠገብ ያለውን ክፍል ውሰድ። ሌላው ቢሰፋም እሱን ውሰድ።”

“ዘበኛው ኦምዌንጋ መስኮቱ ሥር ቆሞ ትምህርቱን ይሰማል። አታስነሣው። ጥያቄ አለው፤ እስኪጠይቅህ ታገሥ።”

“ያልጠበቅኸው ዓይነት ወረቀት ሲገጥምህ ማርክ ሳትጽፍበት አንድ ሳምንት አሳድረው። እኔ አላሳደርኩትም።”

እንግዲህ ደመናው መጥቷል፤ እዚያ ኮረብታው ላይ ይታየኛል። ልጨርስ።

ይህን ግቢ የሰጠኝ አምላክ እናንተንም ይጠብቃችሁ። በምድጃ ላይ ተቀምጣችሁ የተማራችሁ ሁሉ ትምህርት ቤቶቻችሁ ይባረኩላችሁ። በዕረፍታችሁ መጥታችሁ የደከማችሁበት ፍሬ ያፍራላችሁ፤ ጃካራንዳው ሥር ያደጉት ልጆች ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። በራችሁ አይቆለፍባችሁ። ቢቆለፍባችሁም የሚነግራችሁ ሰው አይጥፋ፣ የሚነግራችሁም ሰው አይፈር። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ፍየሉን ጨርሱልኝ።

ኤራስቶ፣ ብትመረጥም ባትመረጥም ይህን የእኔን ወረቀት የምታርምልኝ አንተ ነህ። ና ወደዚህ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዤልሃለሁ። ና እንጂ፣ ምን ያቀረቅርሃል? አሮጊት ናት ብለህ እንዳታዝንልኝ። አምስት ገጽ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አይቼዋለሁ፤ አንድም ዴስክ የለበትም።